የኔታን ወደ ዛሪማ ያወረድንበት ቅዳሜ

ጎንደር፣ ከንጋቱ 11፡30

ሰው ሳይነሳ ክላክስ የሚያደርግ ሹፌር አልወድም። እንዳላማው ግን የቤቴ በር ላይ ቆሞ ሰፈሩን በሙሉ ቀሰቀሰው። የጫማዬን ማሰሪያ እንኳ በደንብ ሳላስር ወጣሁ።

«ኧረ ሰው ይተኛበት!» አልኩት።

«ደህና አደርሽ እህቴ! ፀሐይዋ ሳትበረታ ሊማሊሞን እንውረድ ብዬ ነው» አለኝ እየሳቀ።

እንዳላማው የደባርቅ ሰው ነው፤ አርባን ቢሻገር በአንድ ሁለት ዓመት ነው። ነጭ ደብል ጋቢናው በዕድሜ ከእሱ ብዙ አታንስም። እሷን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ኤሲ አላት። «ለደባርቅ መንገድ ደግሞ ኤሲ ምን ሊያደርግ?» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ደባርቅ ጃኬት ለብሰው በላዩ ጋቢ የሚደርቡበት አገር ነው። እኛ ግን የምንሄደው ከደባርቅ አልፈን፣ በሊማሊሞ ወርደን፣ ዛሪማ ነው። ዛሪማ ቆላ ነው። የምንወስዳቸው ሰው ደግሞ ሙቀት አይችሉም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ መሪጌታ ጥበቡ ዳባት ላይ ዕድሜ ልካቸውን ቅኔ ያስተማሩ፣ ብራናም የሚጽፉ ሰው ናቸው። አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ስንዱ ትባላለች። ከሰባት ዓመት በፊት ከተማሪዎቻቸው ለአንዱ ሊድሯት ሲሰናዱ፣ እሷ ዛሪማ ሱቅ ያለው ሰው መርጣ ሄደች። ሠርጓ ላይ አልተገኙም። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላናገሯትም። አምና ልባቸው ራርቶ በአውቶቡስ ተነስተው ነበር፤ ሊማሊሞን ሊጨርሱ ሲሉ ሙቀቱ ጣላቸውና በጭነት መኪና ተመለሱ። ሐኪሙም «ልብዎ ደክሟል፣ ከሙቀት ይጠበቁ» አላቸው። ዘንድሮ ስንዱ ስንት ዓመት ተስላ ወንድ ልጅ ወለደች። ነገ እሑድ አርባ ቀኑ ነው፣ ክርስትና ይነሳል። ለእኔ ደውላ ያለችኝ አጭር ነው፤ «በልጄ ክርስትና ካልመጡ ከእንግዲህ አባት የለኝም ብዬ እቀመጣለሁ።»

እኔ የመኪና ኤሌክትሪክና የኤሲ አስተማሪ ነኝ። «ሰበቡ ሙቀት ከሆነ ሙቀቱን ለእኔ ተዉት» ብዬ በቤተሰቡ ፊት ፎክሬያለሁ። ሞተሩ እንደተነሳ ኤሲውን ከፍቼ እጄን የአየር ማውጫው ላይ ዘረጋሁ። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል!

«ጋዙን በቅርቡ ነው ያስሞላሁት» አለ እንዳላማው ኮራ ብሎ።

«አንደኛ ነው» አልኩት። በብርድ ንጋት ኤሲ መሞከር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከአምስት ሰዓት በኋላ ነው። ተማሪዎቼ ይህን እንዳያነቡብኝ አደራ።

ዳባት፣ ጠዋት 1፡40

የዳባት ንፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አጎቴ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ይጠብቁናል። አራት አምስት ተማሪዎች ከበዋቸዋል። ተማሪዎቹ ተራ በተራ ጉልበታቸውን ሳሙ፤ የኔታም መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ወዲያው ወጡ። መነጽር ረስተዋል። መነጽሩ መጣ። እንደገና ወጡ። ዳዊታቸው ቀርቷል። ሦስተኛ «እንዲያው በሩን መዝጋቴን...» ሲሉ ትዕግሥቴ አለቀ።

«አባባ፣ በሩን ተማሪዎችዎ ይዘጉታል። ይቀመጡ!»

«እሺ ልጄ፣ እሺ» አሉና ቦርሳቸውን እቅፋቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

እውነቱን ልናገር፤ በሆዴ «እኚህ ሰው መመለሻ ሰበብ እየፈለጉ ነው» ብያለሁ። አምናም ሙቀቱ ነው ወይስ ኩራቱ የመለሳቸው የሚለው ጥያቄ ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ነበር።

ከዳባት ወጣ እንዳልን አስፋልቱ ላይ ገብስ ተሰጥቷል። ኅዳር ገና መግባቱ ነው፤ መኪና እየሄደበት እንዲወቃላቸው ገበሬዎቹ ነዶውን መንገድ ላይ ይዘረጉታል። እንዳላማው ፍጥነቱን ቀንሶ ሆን ብሎ መሃሉን ሄደበት። አንድ ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር መንሻቸውን ከፍ አድርገው «እግዜር ይስጥህ!» አሉ። እብቁና ገለባው በመኪናዋ ፊት ቡን አለ። እንዳላማው በዚህ መንገድ ሲመላለስ ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚያደርግ፣ ገበሬዎቹም መኪናዋን ከሩቅ እንደሚያውቋት ነገረን። ደግ ሰው ነው ብዬ አሰብኩ።

«አሁን ይሄ ነገር» አሉ አጎቴ ወደ አየር ማውጫው እየጠቆሙ፣ «ብርዱን ከየት ነው የሚያመጣው?»

«ብርድ አያመጣም አባባ። እዚህ ውስጥ ያለውን ሙቀት ተሸክሞ ይወጣና ውጭ ይጥለዋል። ሙቀቱ ሲወጣ የቀረው ቅዝቃዜ ነው።»

«የት ይጥለዋል?»

«ከፊት ለፊት ኮንደንሰር የሚባል አለ። እዚያ ላይ ለንፋስ ይሰጠዋል።»

«እንግዲያ መጣያ ካጣስ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ስልኬን እያየሁ ስለነበር በቅጡ አልመለስኩላቸውም። በዚያን ቀን ከተጠየቀው ሁሉ ትልቁ ጥያቄ ያ ነበር፤ የጠየቁትም የቅኔ መምህር ናቸው።

ደባርቅ፣ 3 ሰዓት

ቅዳሜ የደባርቅ ገበያ ነው። በግ የሚነዳው፣ ጌሾ የተሸከመው፣ የባጃጁ ጡሩምባ፣ ሁሉም በአንድ መንገድ ላይ ነው። ከገበያው ዳር በቅሎ የሚጭኑ ሰዎች ከሁለት ፈረንጆች ጋር በእጅ ምልክት ይነጋገራሉ፤ ተራራውን ሊወጡ ወደ ጨነቅ መሄዳቸው ነው። ናፍጣ የሚቀዳበት ሰልፍ እስከ አደባባዩ ደርሷል። እንዳላማው ሰልፉን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«ደርሶ መልስ ልክ ልክ ነው የያዝኩት። አንቺ ደግሞ ኤሲውን ጭራሽ ልትዘጊው አልቻልሽም። ናፍጣ ይበላል እኮ!» አለኝ።

«ለዚሁ አይደል የመጣነው?»

«እሱስ ልክ ነሽ» አለና እያጉረመረመ ወደ ቤቱ ታጠፈ። ሚስቱ አረቄ ታወጣለች፤ የገዛላትን ብቅልና ጌሾ አውርዶላት ተመለሰ። እኛ እስከዚያ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ፍርፍርና ሻይ አዘዝን። አጎቴ እንጀራውን ነካ ነካ አደረጉት እንጂ አልበሉም።

ስልካቸው ጠራ። አዩት። ቁጥሩን እንደሚያውቁት ከፊታቸው ገባኝ። ወደ እኔ ገፉት።

«አንቺው አንሺው።»

ስንዱ ናት። «አባባ መጡ?» አለችኝ፤ ሰላምታም አላስቀደመች።

«ደባርቅ ደርሰናል።»

«ደባርቅማ አምናም ደርሰው ነበር» አለችና ዘጋችው። አጎቴ ምን እንዳለች ሳይጠይቁኝ ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሊማሊሞ፣ ከ4፡30 ጀምሮ

ሊማሊሞን የወረደ ሰው ያውቀዋል። ከላይ ቆመው ሲያዩት የሚሄዱበት መንገድ እግር ሥር ተጠቅልሎ ይታያል። ከጀመርን አሥር ደቂቃ ሳይሞላን ጋቢ ወለቀ። ቀጥሎ ካፖርት። ገደሉ በአንድ ወገን፣ ዓለቱ በሌላው፤ ከታች የሚመጣ የጭነት መኪና እያቃሰተ ሲያልፈን እንዳላማው በመስኮት «እንዴት ነው ታች?» ብሎ ይጮሃል። «እሳት ነው!» ይሉታል።

ግማሹን ያህል እንደወረድን ፊቴ ላይ ለብ ያለ አየር ተሰማኝ። እጄን ዘረጋሁ። ከአየር ማውጫው የሚወጣው እንደ ሰው ትንፋሽ ሞቅ ያለ ነው። ማብሪያውን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ቀጭ ብሎ ይያዛል፣ ወዲያው ይለቃል። ደግሞ ይያዛል፣ ይለቃል። ዘወር ስል አጎቴ ጥምጥማቸውን ፈትተው ግንባራቸውን ይጠርጋሉ። ትንፋሻቸው አጥሯል።

«አቁም» አልኩ።

ከዓለቱ ሥር ቀጭን ውሃ የሚወርድበት ጥላ ቦታ ቆምን። ነጠላዬን ነክሬ ራሳቸው ላይ ጣልኩላቸውና ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳቸው። ውሃ ጠጡ። ቀለማቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከዚያ የፈራሁት መጣ።

«ልጄ፣ መልሱኝ። አምናም አልሆነም፣ ዘንድሮም አልሆነም። እግዚአብሔር አልፈቀደም።»

ንድድ አልኩ። በእሳቸው ይሁን በመኪናዋ ይሁን በራሴ እስካሁን አላውቀውም። ሄጄ ኮፈኑን ከፈትኩና ከራዲያተሩ ፊት ለፊት፣ ኮንደንሰሩ ወደሚገኝበት ጎንበስ አልኩ። ኮንደንሰር የለም። ባና ነው ያለው! ጥቁር ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ በልክ ተቆርጦ፣ በአራቱም ማዕዘን በሽቦ ታስሮ፣ ከፍርግርጉ ጀርባ ተወጥሯል። ከታች አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ክፍት ነው።

«እንዳላማው! ይሄ ምንድን ነው?»

«ባና ነዋ» አለኝ፤ ምን የሚያስጮህ ነገር እንዳለ አልገባውም። «ብርድ እንዳይመታት ብዬ። ጠዋት ጠዋት ሞተሯ አልሞቅ እያለ ያስቸግረኛል። ዳገት ላይ ስትግል እየቆምኩ አሳርፋታለሁ እንጂ ለብርዱስ ደህና ነው። ደባርቅ እኮ ሁሉም ካርቶን ያደርጋል፤ ሚስቴ ናት ካርቶን ምን ያሞቃል ብላ ይሄን የሰጠችኝ።»

«ምነው ካልሲም ባደረጋችሁላት!» ሽቦውን ከመሣሪያ ቦርሳዬ ባወጣሁት ፒንሳ ቆረጥኩና ባናውን መዝዤ ይዤ ወደ አጎቴ ሄድኩ። «አባባ፣ ይኸውልዎ ያልፈቀደው! እግዚአብሔርን ለቀቅ ያድርጉት!»

እንዲህ አይባልም፤ እናቴ ብትሰማኝ ጉድ ፈላ ነበር። አጎቴ ባናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንዳላማውን አዩ። ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«ጋዙ ግን ሙሉ ነው እኮ» አለ እንዳላማው አፍሮ። «ወደ ሁመራ ሰው ይዤ ስወርድ ኤሲው እንቢ ሲል ባለሙያ ጋ ወሰድኩት፤ ጋዝ ነው ተብዬ አስሞላሁ።»

«የሞላልህ ሰው ፊት ለፊት አላየማ። እኔም አላየሁም። ቆይ፣ ሚስትህ አረቄ ስታወጣ እንፋሎቱ በመቃው አልፎ የት ይገባል?»

«ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ዕቃ አለ። እዚያ ገብቶ ይበርድና ይንጠባጠባል።»

«ውሃው ሳይቀየር ሲውልስ?»

«ይሞቃላ! ያኔማ እንፋሎቱ እንፋሎት ሆኖ ይቀራል፤ አረቄም የለ...» እጄ ላይ ያለውን ባና አየ። «ኧረ በስመ አብ!»

«ይኸው ነው። ጋዙ ከውስጥ ሙቀት ተሸክሞ ይመጣል። ኮምፕሬሰሩ ጨምቆ እዚህ ይልከዋል። እዚህ ንፋስ ሲያገኝ ሙቀቱን ጥሎ ፈሳሽ ይሆንና ሌላ ሙቀት ሊያመጣ ይመለሳል። የአንተ ንፋስ ማለት የሚስትህ ውሃ ነው። ንፋስ ካጣ ግፊቱ ይበዛል፣ ኮምፕሬሰሩም እንዳይፈነዳ ራሱን ያጠፋል። ደጋ ላይ አልታወቀም፤ ከውጭ የሚገባው አየር ራሱ በረዶ ነዋ።»

ሞተሩን አስነሳን። ቀጭ፣ ለቀቀ። ቀጭ፣ ለቀቀ። ከባናው በስተኋላ ያለውን ያየሁት ያኔ ነው። እንደ ወረቀት የሳሱት የኮንደንሰሩ ክንፎች መካከላቸው በገብስ እብቅና በሱፍ ብናኝ ታሽጓል፤ ጭቃም ለስኖታል። በዚያች ባዶ ስንዝር የገባው ገለባ ባናው እንዳይወጣ አግዶት፣ ስንት ዓመት እዚያው ተከማችቷል። ያ ሁሉ የገበሬዎች ምርቃት እዚህ ተጠራቅሟል። እስኪበርድ ጠብቀን ውሃ ቀስ አድርገን አፈሰስንበት። የሚለቀው ለቀቀ፣ ብዙው ግን እንደተጣበቀ ነው። ጊዜው ሄደብኝ፣ ስንዱ ያለችው ጆሮዬ ላይ አለ። ካቻቪቴ አነሳሁና መጎርጎር ጀመርኩ። ሁለት ሦስት ክንፍ አጠፍኩ።

«ተይ!» አሉ ከኋላዬ። አጎቴ ነጠላዬን እንደተከናነቡ ቆመዋል። «እንዲያ አይጫንም። ቀጭን ነገር በእልህ አይነካም። ወዲያ በይልኝ እስቲ።»

«አባባ ይቀመጡ፣ ይደክምዎታል።»

«ወዲያ በይ ነው የምልሽ!»

ከቦርሳቸው አንድ ረዥም የመቃ ብዕር አወጡ። የዓለቱ ጥላ መኪናዋ ፊት ድረስ ይደርሳል። ድንጋዩን አስጠጉና ተቀመጡ፤ መነጽራቸውን አደረጉ፤ በብዕሩ ጫፍ ከክንፍና ክንፍ መካከል እብቁን ከላይ ወደ ታች መፋቅ ጀመሩ። እጃቸው አይንቀጠቀጥም። እኔ ያጠፍኩትን ሳይቀር አቃኑት። እንዳላማው ውሃ ያቀርባል፣ እኔ በቀለም ብሩሽ እየተከተልኩ አጥባለሁ። አንድ ሰዓት ያህል እንዲህ ሆንን።

ቦርሳው ክፍት ነበር። ዓይኔ ገባበት፤ ተጠቅልሎ በነጭ ጨርቅ የታሰረ አዲስ ብራና አለ፣ ትንሽ የቀለም ብልቃጥም አለ።

«ይሄ ምንድን ነው አባባ?»

«የልጁን የክርስትና ስም ልጽፍለት» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ብራናውን መፋቅ የጀመርኩት ገና ማርገዟን ስሰማ ነው።»

አፈርኩ። ሰውዬው መመለሻ ሰበብ ሲፈልጉ ነው የቆዩት ያልኩት እኔ ነኝ። መቼ ስለ ልጃቸው ጠይቄያቸው አውቃለሁ? «ይሂዱ» ማለት ብቻ ነው የማውቀው።

«ሙቀቱ እውነት ነው» አሉ ቆይተው፣ ብዕሩን እያጠቡ። «የማልዋሽሽ ግን ፍርሃቱ ይብሳል። ‹ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበሩ?› ብትለኝ ምን እላታለሁ? ዕድሜዬን ሙሉ ቃል ሳስተምር ኖሬ ለልጄ የምላት ቃል አጣሁ።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። «ምንም ባይሏትም ይሂዱ አባባ» አልኳቸው። ብዕሩ ጫፉ ተሰንጥቆ ነበር፤ አዩትና ወደ ገደሉ ወረወሩት።

«አስነሳ እስቲ» አልኩት እንዳላማውን። ቀጭ አለ። ጠበቅን። አልለቀቀም። እንዳላማው እጁን አየር ማውጫው ላይ እንዳደረገ እልል ሊል ምንም አልቀረውም። አጎቴ ማንም ሳይደግፋቸው ሄደው ገቡና በሩን ራሳቸው ዘጉ። «ንዳ» አሉት።

ዛሪማ፣ 8 ሰዓት

ዛሪማ ስንደርስ ውሻው ሁሉ ከጥላ ሥር ተዘርግቷል። የስንዱ ባል ሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ለነገው ድግስ ድንኳን የሚተክሉ ሰዎችን ትቶ እየሮጠ መጣ። በመስኮቱ ማን እንደተቀመጠ ሲያይ እዚያው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ከዚያ እጅ ነሳ። አጎቴም ከውስጥ ሆነው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉለት።

ስንዱ ሕፃኑን አቅፋ ከቤት ወጣች። ቀጥና ጠቁራለች፤ ግንባሯ ቁርጥ የአባቷ ነው። አጎቴ በሩን ከፍተው አንድ እግራቸውን አወጡ። የቆላው ሙቀት ፊታቸው ላይ እንዴት እንደመጣባቸው አየሁት፤ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። ግን ሊወርዱ ነው።

«አይውረዱ!» ብላ ጮኸች ስንዱ። «አባባ፣ አይውረዱ፤ እኔ እገባለሁ።»

ገባች። በሩ ተዘጋ። እኛ ሦስታችን፣ እንዳላማው፣ ባልየውና እኔ፣ አናት የሚበሳ ፀሐይ ላይ ቀረን። ጥላ ብዬ ከፊት ጎማው አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። ከመኪናዋ ሥር የሚወጣው ትኩስ ንፋስ እግሬን ያቃጥለዋል። ቬንቲሌተሩ እየሠራ ነው፣ ኮንደንሰሩም ሥራውን ይዟል፤ ከአባትና ከልጅ መሃል የሚለቀመው ሙቀት ሁሉ እኔ ላይ እየተጣለ ነው ማለት ነው። ልነሳ ነበር፤ ተውኩት።

ግማሽ ሰዓት አለፈ። እንዳላማው በሹፌሩ በኩል ባለው መስኮት አጎንብሶ የናፍጣውን ጌጅ አየ። ጠዋት የተጨቃጨቅንበትን አስታውሼ «ሞተሩ ይጠፋ ወይ?» አልኩት።

«እንዴት ተደርጎ!» አለኝ በቁጣ። «ጨርሰው እስኪወጡ ትሥራ። ሲያልቅ ያልቃል።»

በመስታወቱ ውስጥ የአጎቴ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ የሚሉት አይሰማም። ስንዱ አንገቷን ደፍታ ታዳምጣለች። ከዚያ ቀና አለችና ሕፃኑን አንስታ እጃቸው ላይ አኖረችላቸው።